ከቦሌ ማኮብኮቢያ ያጠረ በረራ

ከስኮትላንድ ሰሜናዊ ጫፍ ማዶ፣ በኦርክኒ ደሴቶች፣ ቀበቶ ታስሮ ገና ሳይደላደሉ የሚወረድበት በረራ አለ። ከዌስትሬይ ተነስቶ ፓፓ ዌስትሬይ የሚያርፈው ይህ መደበኛ በረራ ከዓለም አጭሩ ሲሆን ርቀቱ 2.7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከቦሌ ማኮብኮቢያዎች አንዱ ብቻውን 3.8 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ጉዞው በሙሉ እዚያ አስፋልት ላይ ቢዘረጋ አንድ ኪሎ ሜትር ይተርፋል።

በጊዜ ሰሌዳው የተመደበለት ሁለት ደቂቃ ነው። አየሩ ሲመች አንድ ደቂቃ ተኩል ይበቃዋል፤ ስቱዋርት ሊንክሌተር የተባለ አብራሪ ደግሞ በ53 ሰከንድ አድርሶታል። ሎጋንኤር የተባለው የስኮትላንድ አየር መንገድ በዚህ መስመር መብረር የጀመረው በ1967 (እ.ኤ.አ.) ነው።

ሥራውን ይዞ የኖረው አይላንደር የተባለው ባለ ሁለት ሞተር አነስተኛ አውሮፕላን ነው። ስምንት ያህል መንገደኛ ይጭናል። መሐሉ መተላለፊያ ስለሌለው ሰው የሚገባው በጎን በሮች ነው፤ ቦታ ሲጠብ ከአብራሪው አጠገብ የሚቀመጥም አለ። ጎማው አይታጠፍም። ቢታጠፍስ ምን ሊረባ? ገና ገብቶ ሳያልቅ መልሶ ማውጣት ሊመጣ ነው።

ርቀትን ለፍጥነት አካፍሎ የበረራ ሰዓት የሚያወጣ ሰው እዚህ ይሸወዳል። አይላንደር በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚበር፣ በስሌቱ ከሆነ ጉዞው 40 ሰከንድ ብቻ ነው። ነገር ግን አውሮፕላን የሚነሳውም የሚያርፈውም ፊቱን ወደ ነፋስ አዙሮ ነው። ነፋሱ ከመድረሻው አቅጣጫ ሲመጣ አብራሪው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ከጀርባ ሲመጣ ግን መጀመሪያ ወደ ተቃራኒው ይነሳና ዞሮ ይመለሳል፤ ለማረፍም እንደገና መዞር አለበት። ይህ ጣጣ በትልልቆቹ አውሮፕላኖችም አለ፤ በስምንት ሰዓት ጉዞ መሐል ጥቂት ደቂቃ ማን ልብ ይላል?

ቱሪስቱ ይህችን በረራ ለወሬ ይሳፈርባታል፤ የምስክር ወረቀትም ይሰጠዋል። ለደሴቲቱ ሰው ግን ታክሲው ናት። በፓፓ ዌስትሬይ ከመቶ የማይበልጥ ሰው ይኖራል። አስተማሪው፣ ሐኪሙ፣ በኦርክኒ ዋና ከተማ በኪርክዎል ሆስፒታል ቀጠሮ ያለው ታካሚ ሁሉ በአውሮፕላን ይመላለሳል። ከግብፅ ፒራሚዶች የሚቀድመውን ናፕ ኦቭ ሃዋር የተባለ የድንጋይ ቤት የሚያጠኑ አርኪዮሎጂስቶችም እንዲሁ።

በጀልባ ቢሄዱ 25 ደቂቃ ያህል ነው፣ ያውም ባሕሩ ከፈቀደ። እንዲህ ያለ መስመር በትኬት ሽያጭ ብቻ አይቆምም፤ የኦርክኒ ምክር ቤት ይደጉመዋል። ለኔ ተገቢ ወጪ ነው፤ ሌላው ከተማ ለአውቶቡስ የሚያወጣውን ኦርክኒ ለአውሮፕላን አወጣው እንጂ የተለየ ነገር አላደረገም።