ቤት የተቀመጠውም ይቆስላል

«እኔ ሰልፍ አልወጣሁ፣ ቤቴ አልተቃጠለ፣ ኮሮናም አልያዘኝ፤ ታዲያ እንቅልፍ የነሳኝ፣ እንዲህ ልቤን የሚያስደነግጠኝ ምንድን ነው?» የምትሉ ብዙ ናችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም አለው።

እስቲ 2012 ዓ.ም. እንዴት እንዳለፈ አስታውሱ። መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ አገራችን ውስጥ መገኘቱ ተነገረ። ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ መጨባበጥ ቀረ፤ በወሩ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀና ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። ሰኔ 22 ማታ ደግሞ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ አዲስ አበባ ውስጥ ተገደለ። በተከተለው ሁከት ብዙ ሰው ሞተ፤ ንብረት ወደመ፤ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተቋረጠ።

እንግዲህ ልብ በሉ። እኛ ሐዘን የምንወጣው በሰው ነው። ድንኳን ይተከላል፤ እድርተኛው ይመጣል፤ ጎረቤት ንፍሮ ቀቅሎ፣ እንጀራ ይዞ ይገባል፤ ሐዘንተኛው ብቻውን አያድርም። ይህ ወግ ብቻ አይደለም፣ ሕክምናም ነው። ወረርሽኙ የወሰደብን ይህንኑ ነው። ሁከቱ ለቅሶውን አበዛው፣ ጎረቤትንም ከጎረቤት አጠራጠረ፤ በሽታው ደግሞ አጽናኙን ከደጅ መለሰው።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ሆንግ ኮንግ በተቃውሞ ስትናጥ፣ የከተማዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለዓመታት ሲከታተሏቸው የቆዩትን ነዋሪዎች ጠየቁ። ከ2009 እስከ 2014 በነበረው ጊዜ የድብርት ሕመም ምልክት የታየባቸው ጎልማሶች ከመቶ 2 አይሞሉም ነበር፤ በ2019 ግን ከመቶ 11 በላይ ሆኑ። ኮሮና ገና አልመጣም እኮ፤ እሱ ከወራት በኋላ ነው የተከተለው። የሚገርመው፣ ሰልፍ በወጣውና ባልወጣው፣ ተቃዋሚውን በደገፈውና ባልደገፈው መካከል ልዩነት አላገኙም። በቀን ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የሚቆዩት ግን ይበልጥ ተጎድተው ተገኙ። ቤተሰቡ የሚደግፈው ሰው ደግሞ ለድብርት ብዙም አልተጋለጠም።

ስልኩ ምን አደረገ? ሰውነታችን አደጋ ሲያይ ልብ ይመታል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ እንቅልፍ ይሸሻል። እግዚአብሔር ይህን የሰጠን ለምሳሌ ከጅብ እንድናመልጥ ነው፤ ጅቡ ሲሄድ ሰውነት ይረጋጋል። በኪሳችን የያዝነው ጅብ ግን አይሄድም። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ የግድያ ቪዲዮ የሚያይ ሰው፣ ሰውነቱ አደጋው ቤቱ የገባ ያህል ይቆጥረዋል። የተጨነቀ ሰው ስልኩን ያበዛል የሚል ካለም እውነቱን ነው፤ አንዱ ሌላውን ይመግባል። ዜና በቀን አንዴ፣ በቀን ብርሃን ስሙ፤ ይበቃል።

«ይህ የእምነት ማነስ ነው» የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ነቢዩ ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ፣ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞቱን በለመነ ጊዜ፣ መጀመሪያ የተሰጠው እንቅልፍ፣ እንጎቻና ውኃ ነው። ተግሣጽ አልቀደመም።

ስለዚህ ሐዘኑ፣ የሥራና የምግብ ፍላጎት ማጣቱ፣ ተስፋ መቁረጡ ሁለት ሳምንት ሙሉ ካልለቀቃችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ «አማኑኤል» የሚለው ስም አያስፈራችሁ፤ ሰዉ መሳደቢያ አደረገው እንጂ ለብዙ አሥርታት ሕሙማንን ሲያክም የኖረ ሆስፒታል ነው። መድኃኒት ከታዘዘላችሁ፣ «ተፈውሰሃል፣ ጣለው» የሚል አገልጋይ ቢመጣ እንኳ ሐኪሙን ሳትጠይቁ አታቋርጡ። በድንገት ማቋረጥ ራሱ ይጎዳል። ጸሎቱም ክኒኑም አብረው ይሂዱ፤ ምን ያጣላቸዋል?

ቤታችሁ ውስጥ «መኖር ሰለቸኝ» የሚል ሰው ካለ፣ ራሱን ለመግደል አስቦ እንደሆነ በግልጽ ጠይቁት። መጠየቃችሁ ሐሳቡን አይተክልበትም። ብቻውን አትተዉት፤ ፀረ ተባዩንና ገመዱን ከአጠገቡ አርቁ፤ በዚያው ቀን አብራችሁት ሐኪም ዘንድ ሂዱ።