ጋሪዋ ላይ ያሉት መጻሕፍት

የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ መሆኔን የሰማ ሰው ብዙ ጊዜ «አንባቢ አብዝቶ የሚፈልገው የማንን መጽሐፍ ነው?» ብሎ ይጠይቀኛል። የታወቀ ደራሲ እንድጠራለት ይጠብቃል። እውነቱን ለመናገር በእኛ ቤት አብዝቶ የሚወጣው ጋሪዋ ላይ ያለው መጽሐፍ ነው፤ የማንም ይሁን።

ጋሪ የምንላት ተነበው የተመለሱ መጻሕፍት ወደ ቦታቸው እስኪገቡ የሚደረደሩባት ባለ ጎማ መደርደሪያ ናት። ባንኮኒው አጠገብ ትቆማለች። እኔ የምሠራበት ቤተ መጻሕፍት፣ እንደ ሌሎች ብዙ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፣ መደርደሪያው ለአንባቢ ዝግ ነው። አንባቢው የመጽሐፉን ርዕስና የደራሲውን ስም ቅጽ ላይ ሞልቶ፣ መታወቂያውን አስይዞ ይጠብቃል፤ እኛ ገብተን እናወጣለታለን። ውስጥ ያለውን በዓይኑ አያየውም። የሚያየው ጋሪዋን ነው። ቅጹን መሙላት የጀመረ ሰው መሃል ላይ ቆም ይልና «ያንን ደግሞ አንዴ ልየው?» ይላል።

ይህን ካስተዋልኩ ወዲህ ጠዋት በር ሳይከፈት ማንም ያልጠየቃቸውን ጥቂት መጻሕፍት ከውስጥ አውጥቼ ከተመለሱት ጋር አሰልፋቸዋለሁ።

ቅጹ አንባቢው የሚፈልገውን አስቀድሞ እንዲያውቅ ያስገድደዋልና። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ለመጠየቅ ማንም አይቸገርም። በ1958 ዓ.ም. ከታተመ፣ በኋላም ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ከተረከው ወዲህ መጽሐፉ እጁ ያልገባ ሰው እንኳ በዛብህን፣ ሰብለ ወንጌልንና ጉዱ ካሣን ያውቃቸዋል። «ኦሮማይ»ም እንዲሁ ነው፤ በደርግ ዘመን እንደወጣ መታገዱና የበዓሉ ግርማ ደብዛ መጥፋት ስሙን ከአንባቢ አፍ እንዳይለይ አድርጎታል። የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ» ግን ቅጽ ሞልቶ የጠየቀኝ ወጣት አላስታውስም። በ1962 ዓ.ም. የታተመ፣ ከተለመደው የልብ ወለድ አተራረክ በድፍረት የወጣ ሥራ ነው። ጋሪዋ ላይ ሳወጣው ይወሰዳል። አንዳንዱ ጥቂት ገጽ ሄዶ ይመልሰዋል፤ ቀላል መጽሐፍ አይደለም። አንዳንዱ ግን በማግሥቱም ስሙን እየጠራ ይመጣል።

ከአንባቢዎቻችን አብዛኞቹ ተማሪዎች ናቸው። የራሳቸውን ደብተርና ወርክሺት ይዘው ይመጣሉ፤ ከእኛ የሚፈልጉት ወንበር፣ መብራትና ጸጥታ ነው። ቤታቸው ጠባብ ነው፣ ቴሌቪዥን ይጮኻል፣ ታናናሾች አሉ። ይህን ያዩ ሰዎች «ትውልዱ ማንበብ ትቷል» ሲሉ እሰማለሁ፤ ፍርዱን አልቀበለውም። ልጁ ከጠዋት እስከ ማታ ከመጻሕፍቱ በአንድ ግድግዳ ተለይቶ ነው የሚውለው። ግድግዳውን ያቆምነው እኛ ነን።

ከእነዚህ ተማሪዎች አንዷ የባዮሎጂ መጽሐፍ ልትጠይቅ መጥታ ተራ ስትጠብቅ የሐዲስ ዓለማየሁን «ትዝታ» ከጋሪዋ ላይ አነሣች። ደራሲውን በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ታውቃቸዋለች፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መዝመታቸውን፣ ተማርከውም ጣሊያን አገር መታሰራቸውን ግን አልሰማችም። የዚያን ዕለት ባዮሎጂው ሳይገለጥ ዋለ። ልንዘጋ ስንል ወደ ባንኮኒው መጣች።

«ይቅርታ እትዬ፣ እኚህ ሰው የምር ታስረው ነበር? ወይስ ልብ ወለድ ነው?»

«የራሳቸው ታሪክ ነው፤ የደረሰባቸውን ነው የጻፉት።»

«የአያቴም አባት ተማርከው ነበር ይባላል። እኛ ቤት ግን ማንም ስለሱ አያወራም።»

ስትመለስ አያቷን ጠይቃ ነበር። የነገሯትን በደብተሯ ጀርባ ጽፋዋለች፤ መሃል ላይ ያሉ ሁለት የቦታ ስሞች በጥያቄ ምልክት ተከበዋል፣ አያቷ እርግጠኛ ስላልነበሩ። በዲዊ አመዳደብ የኢትዮጵያ ታሪክ ከሚቀመጥበት ከ963 ስለ ወረራው የተጻፉ መጻሕፍት አወጣሁላትና ካርታ ካርታውን አብረን አገላበጥን። አንዱን ስም አገኘነው። ፈተናዋ ደርሶ ነበርና ወደ ባዮሎጂዋ ተመለሰች፤ ነገር ግን አንዲት አሮጊት ለዓመታት ማንም ያልጠየቃቸውን ነገር እንዲናገሩ ያደረገ፣ አንዲት ልጅ በአጋጣሚ ያየችው መጽሐፍ ነው።

የሌሊት ጥበቃችን ታሪክ ደግሞ ሌላ ነው። ከብት ጠባቂ ልጅ ሳሉ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው ፊደል የቆጠሩት። ከዚያ በኋላ ከደብዳቤና ከማስታወቂያ አልፈው አንብበው አያውቁም። አንባቢ የማይገባበት ክፍል ግን እሳቸው ማታ ማታ መስኮት ሊዘጉ ይገባሉ፤ መጻሕፍቱን ያያሉ። አንድ ቀን የከበደ ሚካኤልን «ታሪክና ምሳሌ» ይዘው መጡ።

«አባባ፣ ከዚያ ሁሉ መሃል ይቺን እንዴት መረጡ?»

«ቀጭን ናት፣ ልጄ። አንዱን ጀምሬ እዚያው ቁጭ ባልኩበት እጨርሰዋለሁ።»

ለእኔ ይህ ትልቅ የሙያ ትምህርት ነበር። ቀስ ብሎ፣ ፊደል እየለየ ለሚያነብ ሰው መጨረስ ብርታት ይሰጠዋል፤ እኛ ግን ለጀማሪ አዋቂዎች መጽሐፍ ስንመርጥ ርዝመቱን ከቁብ አንቆጥረውም። አሁን ከጎን ካለው ሕንፃ ጥበቃ ጋር ሲያመሹ ጮክ ብለው ያነቡለታል። እሱም ደስ ያለውን ደግመው እንዲያነቡለት ይጠይቃቸዋል።

ሰው በዓይኑ ያየውን መጽሐፍ እንደሚያነሣ መጽሐፍ አዟሪዎች ከእኛ በፊት ያውቃሉ። ክንዳቸው ላይ ከወገባቸው እስከ አገጫቸው ደርድረው፣ ርዕሱን ወደ ደንበኛው አዙረው ካፌ ለካፌ ይዞራሉ። ምን እንደምትፈልግ አይጠይቁህም፤ ጠረጴዛህ ጫፍ ቆመው ያሳዩሃል።

መደርደሪያው በክፋት የተዘጋ አይደለም። ንብረቱን ቆጥራ ፈርማ የተረከበች ሠራተኛ የጎደለ መጽሐፍ ትጠየቅበታለች። ገጹ ተገንጥሎ የሚመለስም አለ። የወረቀት ዋጋ በናረበት በዚህ ጊዜ አንዴ የጠፋ መጽሐፍ መተካቱ ያጠራጥራል፤ ዳግም ያልታተመ ከሆነማ ከየትም አይገኝም። ባልደረቦቼ ይህን ሲያነሡ እውነታቸውን ነው። ሆኖም በየዓመቱ ቆጠራ ላይ «አለ» ተብሎ ምልክት የሚደረግባቸው፣ የኋላ ገጻቸው ላይ ግን አንድም የቀን ማኅተም ያልተመታባቸው መጻሕፍት አሉ። ስለ እነሱ ማንም ተጠይቆ አያውቅም።

ለኃላፊዎቼ ሐሳብ አቅርቤያለሁ። ሁሉም ይከፈት አላልኩም፤ ብርቅዬ የሆኑትና አንድ ቅጂ ብቻ ያላቸው ባሉበት ይቆዩ። ከ892.87፣ ማለትም ከአማርኛ ሥነ ጽሑፍ፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ቅጂ ያላቸውን ወደ ንባብ አዳራሹ እናውጣቸው። ቦርሳ በር ላይ ይቀመጥ። የዚያ መደርደሪያ ቆጠራ ሰኔን ሳይጠብቅ በየሦስት ወሩ ይሁን። እስከ ተወሰነ መጠን የጎደለው ደግሞ ከሠራተኛ ደመወዝ እንዳይቆረጥ በጽሑፍ ይወሰን። የመጨረሻው ካልተፈታ የቀረው ሁሉ ወረቀት ላይ ይቀራል፤ ለደመወዟ የምትሰጋ ሠራተኛ መደርደሪያ አትከፍትም። መልሱን እየጠበቅሁ ነው። ይህን በየቤታችሁ የሞከራችሁ ባልደረቦች ካላችሁ የጉድለቱን ነገር ከንብረት ክፍል ጋር እንዴት እንደተስማማችሁበት ጻፉልኝ።