እራታችንን ወደ መግሪብ እንመልሰው

በዛሬው ዝግጅታችን የምናነሣው ስለምንበላው ምግብ ዓይነት ሳይሆን ስለምንበላበት ሰዓት ነው።

የብዙዎቻችን ቤት ውሎ ይመሳሰላል። ጠዋት ሻይ በዳቦ፣ እሱም በጥድፊያ፤ አንዳንዱም ቡና ብቻ ጠጥቶ ይወጣል። ምሳ በሥራ ብዛት ይዘገያል ወይም ይዘለላል። ማታ ግን አባወራው እስኪገባ ተጠብቆ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ትሪው ይቀርብና ቀኑን ሙሉ ያልተበላው በአንድ ጊዜ ይካካሳል። እናት ሁሉን አስተናግዳ መጨረሻ ላይ ትቀመጣለች። ብዙም ሳይቆይ ቤቱ ይተኛል። ጠዋት ደግሞ ሆድ ስለከበደ ቁርስ አያሰኝም፤ ዑደቱም እንዲሁ ይቀጥላል።

ለመሆኑ ያው እንጀራና ያው ወጥ ቀትር ላይ ሲበላና ለመኝታ ስንዘጋጅ ሲበላ በሰውነታችን ላይ ልዩነት ያመጣል? አዎ፣ ያመጣል። በተለይ የስኳር በሽታና የደም ግፊት በሚያሰጋቸው ቤተሰቦች ዘንድ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ሰውነት የራሱ ሰዓት አለው

አላህ (ሱ.ወ) ሌሊቱን መሸፈኛ፣ ቀኑን መኖሪያ እንዳደረገልን በሱረቱ-ነበእ አስታውሶናል። ሰውነታችንም ከዚሁ መፈራረቅ ጋር የሚሄድ ሥርዓት ተሰጥቶታል። በአንጎላችን ውስጥ ብርሃንና ጨለማን እየተከታተለ የሰውነትን ሥራ በ24 ሰዓት ዙር የሚመራ ትንሽ ክፍል አለ። ጉበት፣ ቆሽትና ጡንቻም የየራሳቸው ሰዓት አላቸው፤ የእነሱን ሰዓት ደግሞ የምንበላበት ጊዜ ሊያስተካክለው ወይም ሊያዛባው ይችላል። ይህ ሰዓት በሴል ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ በዝንቦች ላይ ተመራምረው ያስረዱት ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮስባሽና ማይክል ያንግ የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ2017 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

ይህ ከእራታችን ጋር ምን አገናኘው? ከምንበላው እንጀራና ዳቦ የሚገኘው ስኳር ወደ ደም ሲገባ ቆሽት ኢንሱሊን የተባለውን ንጥረ ነገር ያመነጫል፤ ኢንሱሊን ስኳሩ ከደም ወጥቶ ወደ ሴሎች እንዲገባ ያደርጋል። በአብዛኛው ሰው ላይ ይህ ሥራ ከምሽቱ ይልቅ በቀኑ የመጀመሪያ ክፍል የተሳለጠ ነው። ሲመሽ ለእንቅልፍ የሚያዘጋጀን ሜላቶኒን ይጨምራል፤ እሱ በበዛበት ሰዓት ስንበላ ደግሞ ቆሽት የሚያመነጨው ኢንሱሊን ይቀንሳል። በዚህ የተነሣ ያው ምግብ በዚያው መጠን ማታ ሲበላ የደምን ስኳር ከጠዋቱ የበለጠ ከፍ ያደርጋል። ነገሩ መጋዘኑን ሊቆልፍ በተነሣ ሠራተኛ ላይ አንድ የጭነት መኪና ዕቃ እንደማራገፍ ነው። ዕቃው መግባቱ ባይቀርም በአግባቡ አይደረደርም።

በዚህ ላይ በልቶ ወዲያው መተኛት ቃርን ያባብሳል። የጨጓራ አሲድ ወደ ጉሮሮ ለሚመለስባቸው ሰዎች በመጨረሻው ምግብና በመኝታ መካከል ቢያንስ ከ2 እስከ 3 ሰዓት እንዲኖር ሐኪሞች የሚመክሩት ለዚህ ነው።

ጥናቶቹ ምን አሳዩ?

እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ የተደረገ አንድ ጥናት ታትሟል። የተሳተፉት ወደ ስኳር በሽታ እየተቃረቡ የነበሩ 8 ወንዶች ናቸው። ለ5 ሳምንታት የቀኑን ምግብ በ6 ሰዓታት ውስጥ፣ የመጨረሻውንም ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት እንዲበሉ ተደረገ፤ ለሌላ 5 ሳምንታት ደግሞ ምግባቸውን በ12 ሰዓታት ውስጥ በሉ። ክብደታቸው እንዳይቀንስ ምግባቸው ተመጥኖ ይሰጣቸው ነበር። ቀደም ብለው በበሉበት ወቅት ኢንሱሊን በሰውነታቸው ላይ የተሻለ ሠርቷል፤ የደም ግፊታቸው ቀንሷል፤ የምሽት ረሃባቸውም ቀለል ብሏል። ይህ የሆነው ሳይከሱ መሆኑ ነው ትኩረት የሳበው።

ስምንት ሰው ግን ጥቂት ነው። በአላባማ ዩኒቨርሲቲ በርሚንግሃም ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ሌላ ጥናት ከመጠን ያለፈ ውፍረት ያለባቸውን 90 ሰዎች ለ14 ሳምንታት ተከታትሏል። ሁሉም ክብደት ለመቀነስ ምክር ይሰጣቸው ነበር። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ብቻ እንዲበሉ የተመደቡት፣ በ12 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከሚበሉት ይልቅ በአማካይ 2.3 ኪሎ ተጨማሪ ቀንሰዋል፤ የታችኛው የደም ግፊት ቁጥራቸውም ተሻሽሏል።

ሌላውንም ወገን መንገር አማና ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ የአሜሪካ ጥናት 116 ሰዎችን ለ12 ሳምንታት ተከታትሎ ነበር። ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ብቻ የበሉት፣ ማለትም ቁርስን ትተው እራትን የያዙት፣ በቀን ሦስት ጊዜ ከበሉት የረባ የክብደት ልዩነት አላሳዩም። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ የቻይና ጥናት ደግሞ 139 ሰዎችን ለአንድ ዓመት ተከታትሏል። ሁሉም የምግብ መጠን እንዲቀንሱ ተደርጎ ገሚሶቹ ከጠዋቱ 2 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ብቻ ሲበሉ፣ ጎላ ያለ የክብደት ልዩነት አልተገኘም።

እንግዲህ ከዚህ ምን እንይዛለን? የሰዓት ለውጥ ብቻውን ተአምረኛ የማክሻ መድኃኒት አይደለም፤ የምግቡ መጠን አሁንም ዋና ነገር ነው። ሆኖም ለደም ስኳርና ለግፊት ሲባል ማምሻን ከማክበድ ቀኑን ማክበድ የተሻለ እንደሆነ የሚያመለክት ማስረጃ አለ።

ይህ ጾም ነውን?

በዘመኑ ቋንቋ ይህን አበላል «ጾም» ሲሉት እንሰማለን። እኛ ግን ሁለቱን ለይተን ማየት ይገባናል። ጾም በእኛ ዘንድ በኒያ የሚፈጸም ዒባዳ ነው፤ ጎህ ሲቀድ ይጀምራል፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ያበቃል። ከዐስር በፊት በልቶ እስከ ጠዋት ውኃ ብቻ እየጠጡ መቆየት የጤና ልማድ እንጂ የሸሪዓ ጾም አይደለም። የሁለቱ ሰዓትም ተቃራኒ ነው። ስለዚህ «ሳይንስ የረመዳንን ጾም አረጋገጠ» ብለው እነዚህን ጥናቶች የሚጠቅሱ ወገኖች ቢታረሙ መልካም ነው። የረመዳን ጾም ለአላህ ትእዛዝ የሚፈጸም ነውና የላብራቶሪ ምስክር አይፈልግም።

በተቃራኒው ይህን ሰምቶ «ማታ መብላት ጎጂ ከሆነ ኢፍጣሬን ልተወው» የሚልም እንዳይኖር እናሳስባለን። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ኢፍጣርን በማፋጠን አዘዋል፤ በሰሑር በረካ እንዳለም ነግረውናል፤ ሳያፈጥሩ ቀንን ከቀን ማያያዝን ከልክለዋል። ለጿሚ ትምህርቱ ሌላ ነው። በቴምርና በውኃ ያፍጥር፤ ከመግሪብ በኋላ መጥኖ ይብላ፤ እስከ እኩለ ሌሊት ሲቀማምስ አይቆይ፤ ሰሑሩን ወደ ጎህ አስጠግቶ ይብላ። የሰኞና የሐሙስ ሱና ጾምም እንዲሁ ነው።

ዛሬ የምንነጋገረው እንግዲህ ስለማንጾምባቸው ቀናት ነው። ረመዳን ካለፈ በኋላ የሌሊት አበላሉን ብቻ ይዘን የምንቀርባቸው ወራት ብዙ ናቸውና።

በቤታችን እንዴት ይጀመር?

በጥናቶቹ የመጨረሻው ምግብ ያበቃበት 9 ሰዓት በአገራችን ከዐስር ሶላት ጥቂት ቀደም ይላል። ይህ ለሠራተኛና ለተማሪ ከባድ ነው። ስለዚህ ለአብዛኛው ቤተሰብ የሚቻለውን መንገድ እንጠቁም።

አንደኛ፣ ቁርስ ምግብ ይሁን። ቂንጬ፣ ገንፎ፣ ፉል፣ እንቁላል ወይም ከማታ የተረፈ ፍርፍር ከሻይና ከዳቦ የተሻለ ያቆያል።

ሁለተኛ፣ ዋናው ምግብ ከዙህር በኋላ ይሁን። ውጭ የሚውል ሰው ምሳ ዕቃ ይያዝ፤ ምስሩ ወይም ሽሮው ለእራት ከሚሠራ ለምሳ ይሠራ።

ሦስተኛ፣ እራት ወደ መግሪብ ይመለስ፤ ቀለልም ይበል። እራት ከቀረበ ከመግሪብ ሶላት በፊት በእሱ እንዲጀመር የሚያዝዝ ሐዲስ በቡኻሪ መዘገቡ፣ በዚያ ዘመን በዚህ ሰዓት እራት መብላት የታወቀ እንደነበር ይጠቁመናል። ሐዲሱን የሕክምና ማስረጃ አናደርገውም፤ ልማዱ ግን ለእኛ እንግዳ አለመሆኑን እናይበታለን። ሾርባ፣ አትክልት፣ ጥቂት እንጀራ ይበቃል።

አራተኛ፣ አባወራው ሥራው ሆኖ የሚያመሽ ከሆነ ልጆችና እናት አይጠብቁት። እሱም ከተቻለ በሥራው ቦታ ቀደም ብሎ ይመገብ፤ ቤት ሲገባ ከቤተሰቡ ጋር ያለ ስኳር ሻይ ይዞ ይቀመጥ። አብሮ የመብላት በረካ እንዳይቀር ቁርስን ወይም የጁምዓን ምሳ የቤተሰብ ማዕድ ማድረግ ይቻላል። እናትም ከሁሉ ጋር ትቀመጥ፤ የመጨረሻዋ በላተኛ መሆኗ ይብቃ።

አምስተኛ፣ ጫትን በተመለከተ። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። ከምሳ በኋላ የተቀመጠ ሰው ረሃቡን የሚሰማው ጫቱ ሲበርድ፣ ማለትም ሌሊት ነው፤ እንቅልፉም አብሮ ይሸሻል። በርጫ ባለበት ቤት የእራት ሰዓት ይስተካከላል ማለት ዘበት ነው።

ስድስተኛ፣ ቁርስን ጨምሮ እራትን እንዳለ መተው ትርፉ ሁለት እራት መብላት ነው። ቀን የጨመርነውን ከማታ እንቀንስ። የሆድን ሲሶ ለምግብ፣ ሲሶውን ለመጠጥ፣ ሲሶውን ለትንፋሽ የሚለውን የነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) ምክር እዚህ ላይ እናስታውስ።

ለውጡን በአንድ ቀን ማድረግ አያስፈልግም። በየሳምንቱ እራትን ግማሽ ሰዓት ብናስቀድም ከምሽቱ 3 ሰዓት ተነሥተን በስድስት ሳምንት ውስጥ 12 ሰዓት ላይ እንደርሳለን።

ጥንቃቄ የሚያሻቸው

ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ የስኳር ክኒን የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር የምግብ ሰዓቱን አይቀይር፤ መድኃኒቱ ከምግቡ ጋር ካልተጣጣመ ሌሊት ስኳሩ ሊወርድ ይችላልና። ማላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ትርታ መፍጠን፣ መደናገር ምልክቶቹ ናቸው፤ ሲታዩ ወዲያውኑ ስኳር ወይም ጣፋጭ መጠጥ ይሰጠው፤ ራሱን የሳተን ሰው ግን በአፉ ምንም ሳይሰጡት በፍጥነት ወደ ሕክምና ያድርሱት። ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶች፣ በማደግ ላይ ያሉ ልጆች፣ አቅመ ደካማ አረጋውያን ረጅም ሰዓት ከምግብ መራቅ የለባቸውም። ለእነሱ ቀደም ያለ እራት መልካም ቢሆንም፣ ሲርባቸው መቅመስ አይከለከሉ።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን! ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከዒሻ በፊት መተኛትንና ከዒሻ በኋላ ወግ ማብዛትን ይጠሉ እንደነበር በሐዲስ ተላልፎልናል። እራቱ በመግሪብ ያለቀ ቤት ዒሻን ሆዱ ሳይከብደው ይሰግዳል፤ በጊዜ ይተኛል፤ ለሱብሒም መነሣት ይቀለዋል። ሲነጋም ቁርስ ያሰኘዋል። ለአንድ የምግብ ሰዓት ለውጥ ይህ ብዙ ትርፍ ነው።

አላህ (ሱ.ወ) ሰውነታችንን በአማናነት የምንጠብቅ ያድርገን፤ ለታመሙብን ሁሉ ሺፋውን ይስጥልን። አሚን።