በቆዳው የታሰረ

የባዕድ ቋንቋ የሚማር ሰው፥ የቃላትን ፍች ብቻ ለቃቅሞ መነሻቸውን ቢተው፥ ግንዱን ትቶ ቅጠሉን እንደ ያዘ ይቈጠራል። ለዚህ ምስክር የሚሆነን እንግሊዞች «ሃይድባውንድ» የሚሉት ጥምር ቅጽል ነው።

መዝገበ ቃላት የገለጠ ተማሪ፥ ቃሉ አስተሳሰቡ የጠበበ፥ ከለመደው ሥርዓት ንቅንቅ የማይል ሰው ማለት እንደ ሆነ ያገኛል። ቃሉን ከሁለት ሲከፍለው ግን ግራ ይገባዋል። «ሃይድ» መደበቅ ነውና፥ ተደብቆ የታሰረ ይመስለዋል። ሌላውም በቆዳ የተደጐሰ መጽሐፍ ትዝ ይለዋል። ነገሩ ግን ከሁለቱም አይደለም። «ሃይድ» እዚህ ላይ የእንስሳ ቆዳ ነው፤ «ባውንድ»ም የታሰረ ማለት ነው። በበረዶ ታግዶ መንገድ ያጣውን ሰው «ስኖውባውንድ» እንደሚሉት፥ ይህንም በቆዳው የታሰረ ይሉታል።

የቃሉ የትውልድ ስፍራ የከብት በረት ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት እንግሊዞች በዚህ ቃል የሚጠሩት፥ መኖ አጥቶ የከሳውን፥ ቆዳው ከጎድን አጥንቱ ጋራ ተጣብቆ በጣት ቢቈነጥጡት የማይነሣውን ከብት ነበር። ልጡ ጠብቆ እንዳያድግ ያገደው ዛፍም እንዲሁ ተባለ። ቃሉ ከበረት ወጥቶ ወደ ሰው አእምሮ የተሻገረው በዚህ ዓይነት ነው።

ባለቅኔው ጆን ሚልተን፥ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1644 ዓ.ም. ባሳተመው «አርዮፓጊቲካ» በተባለው ጽሑፉ ይህን ቅጽል ተጠቅሞበታል። የእንግሊዝ ፓርላማ በ1643 ዓ.ም. መጽሐፍ ሁሉ ሳይታተም አስቀድሞ በመርማሪ እንዲፈቀድ ደንግጎ ነበር። ሚልተንም መርማሪው የራሱን ጠባብ ስሜት ፍርድ እያለ የሊቅን ድካም የሚሰርዝ መሆኑን ለመግለጥ ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘም።

እኛን የሚደንቀን ግን ከስድቡ ይልቅ በውስጡ ያለው ምርመራ ነው። ከብቱን ያሰረው የሰው ገመድ አይደለም፤ የገዛ ቆዳው ነው። ቆዳውም የጠበቀው መኖ ስላነሰው ነው።

ደንብን ማክበር የሹም ግዴታ ነው፤ ይህን የሚነቅፍ የለም። ነገር ግን ደንቡን ከነቍጥሩ በቃሉ እየያዘ ለምን እንደ ወጣ የማይጠይቅ፥ ዲፕሎማውን ከተቀበለ ወዲህ መጽሐፍ ያልገለጠ፥ ባለጉዳይ ሲያስረዳው የማያዳምጥ ወጣት፥ አእምሮው መኖ አጥቷል። መድኃኒቱም ወቀሳ ሳይሆን ቀለብ ነው፤ ይኸውም ንባብ፥ ጥያቄና የሌላውን ሐሳብ መስማት ነው። እስቲ እያንዳንዳችን የአእምሮአችንን ቆዳ ቈንጠጥ አድርገን እንየው፤ ይነሣልን ይሆን?