ከጉንፋን በኋላ የሚቆይ ሳልና የደረት ሕመም

ከጉንፋን በኋላ የሚቆይ ሳል ጉንፋን፣ ኢንፍሉዌንዛ፣ ኮቪድ-19 ወይም ሌላ የመተንፈሻ አካል ሕመም ከለቀቀ በኋላ፣ ትኩሳቱና ቁርጥማቱ ጠፍቶ ሳሉ ብቻ ለሳምንታት የሚቀጥልበት ሁኔታ ነው። በሕክምና አከፋፈል በአዋቂዎች ከ3 ሳምንት በታች የሆነ ሳል አጣዳፊ፣ ከ8 ሳምንት ያለፈ ደግሞ ሥር የሰደደ ይባላል። ከጉንፋን በኋላ የሚቆየው ሳል አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱ መካከል የሚገኝ ሲሆን በራሱ ይጠፋል። ሆኖም የሳንባ ነቀርሳም (ቲቢ) በተመሳሳይ ሳል ሊጀምር ስለሚችል ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል።

መንስኤ

የአየር ቧንቧዎች ውስጠኛ ሽፋን አክታ የሚያመነጩ ሕዋሳትና አክታውን ወደ ላይ የሚጠርጉ ፀጉር መሰል ጥቃቅን አካላት አሉት። ቫይረስ ይህን ሽፋን ሲጎዳው ሳል የሚቀሰቅሱት ነርቮች ይጋለጣሉ። ቫይረሱ ከሰውነት ከተወገደም በኋላ ሽፋኑ እስኪያገግም ድረስ ነርቮቹ በቀላሉ ይቆጣሉ። በዚህም የተነሣ ቀዝቃዛ አየር፣ የማገዶ ወይም የዕጣን ጢስ፣ የበርበሬ ብናኝ፣ ብዙ መናገርና መሳቅ ሳል ያስነሣሉ። ከአፍንጫ ወደ ጉሮሮ የሚወርድ ንፍጥም በተለይ ማታ ሳሉን ያባብሳል።

የሚቆይ ሳል ሌሎች መንስኤዎችም አሉት። ከእነዚህም ውስጥ አስም፣ ቃር፣ ትክትክ እና እንደ ኢናላፕሪል ያሉ የደም ግፊት መድኃኒቶች ይገኙበታል።

የደረት ሕመም

ተደጋጋሚ ሳል በጎድን አጥንቶች መካከል ያሉትን ጡንቻዎች ያደክማል። ጎድን ከደረት አጥንት ጋር የሚገናኝበት ልም አጥንትም ሊቆጣ ይችላል። ይህ ዓይነቱ ሕመም ሲያስሉ፣ ሲዞሩ ወይም ቦታውን በጣት ሲጫኑት የሚብስ ሲሆን ሳሉ ሲቀንስ ይሻላል። አጥንታቸው በሳሳ ሰዎች ላይ ብርቱ ሳል ጎድን ሊሰነጥቅ ይችላል።

ትንፋሽ ሲስቡ የሚወጋ ሕመም የሳንባ ሽፋን መቆጣት ወይም የሳንባ ምች ምልክት ሊሆን ይችላል። ሲተኙ የሚብስና ወደ ፊት ሲያጎነብሱ የሚቀል ሕመም ደግሞ የልብ ሽፋን መቆጣትን ያመለክታል። በተለምዶ ሁሉም «ውጋት» ወይም «ብርድ» ስለሚባሉ የሕመሙን ጠባይ ለሐኪም በዝርዝር መንገር ይጠቅማል።

ከሳንባ ነቀርሳ መለየት

የማታ ትኩሳት፣ ሌሊት የሚያጠምቅ ላብ፣ የክብደት መቀነስ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣትና ደም የቀላቀለ አክታ የሳንባ ነቀርሳን ያስጠረጥራሉ። በመጀመሪያው ጊዜ ግን ከሳል በቀር ምንም ምልክት ላይኖር ይችላል። ስለዚህ በሽታው በብዛት በሚገኝባቸው አገሮች፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ 2 ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ያሳለ ሰው ለቲቢ እንዲመረመር ይመከራል። ኤችአይቪ በደሙ ውስጥ ያለ ሰው ሳሉ የጀመረው በቅርቡ ቢሆንም ይመረመራል። ጂን ኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ በ2 ሰዓት ገደማ በአክታ ውስጥ የባክቴሪያውን ዘረ መል ከመለየቱም በላይ ሪፋምፒሲን የተባለውን መድኃኒት መላመዱንም ያሳያል። እንደ አስፈላጊነቱ የደረት ራጅ ይነሣል።

መዘግየት ለታማሚው ብቻ ሳይሆን አብረውት ለሚኖሩትም አደጋ ነው፤ ያልታከመ የሳንባ ነቀርሳ በሳል አማካኝነት በአየር ይተላለፋል። ሕክምና በጊዜ ከተጀመረ ግን በሽታው ይድናል።

ሕክምና

ለድኅረ ጉንፋን ሳል ጊዜ ዋናው መድኃኒት ነው። ትኩስ መጠጥና ማር ጉሮሮን ያለዝባሉ፤ ማር ግን ከ1 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን አይሰጥም። ከጢስና ከሲጋራ መራቅ ማገገምን ያፋጥናል። ለጡንቻ ሕመም ፓራሲታሞል ይረዳል። አንቲባዮቲክ ቫይረስን ስለማያጠፋ ለዚህ ሳል አይጠቅምም፤ ያለ ምርመራ ከመድኃኒት ቤት እየገዙ መሞከርም ትክክለኛው በሽታ ሳይታወቅ እንዲቆይ ያደርጋል።

አስቸኳይ ምልክቶች

የሚከተሉት ሲታዩ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል፦
- በዕረፍት ጊዜም የትንፋሽ ማጠር
- የሚጨምቅ ወይም ወደ ክንድና መንጋጋ የሚዛመት የደረት ሕመም
- ደም የቀላቀለ አክታ
- ከተሻለ በኋላ የተመለሰ ከፍተኛ ትኩሳት
- የከንፈር መጥቆር፣ ራስን መሳት ወይም መደናገር
- ከደረት ሕመም ጋር የአንድ እግር ማበጥ፣ ይህም በሳንባ የደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ምልክት ሊሆን ይችላል