ሕክምናን በስፓኒሽ ለመማር ለምታስቡ፦ ከማመልከቻው በፊት ቋንቋው

ውጭ አገር ሕክምና መማር የሚፈልጉ ልጆች መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ክፍያ፣ ቀጥሎ ስለ ቪዛ ነው። አስተማሪ ሳለሁም እንዲሁ ነበር። ቋንቋው «እዚያው እለምደዋለሁ» ተብሎ ለመጨረሻ ይተዋል። ስፓኒሽ በሚነገርባቸው አገሮች ይህ አያዋጣም።

ስፔንን እንይ። ሕክምና 6 ዓመት ይፈጃል። ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚወዳደሩበት ነጥብ ከ14 የሚታሰብ ሲሆን ለሕክምና አብዛኛውን ጊዜ ከ12 በላይ ያስፈልጋል። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የተማረ አመልካች የሁለተኛ ደረጃ ማስረጃውን አቻ ያስገምታል፤ ነጥቡን ከፍ ለማድረግም ኡኔድ በተባለው ብሔራዊ የርቀት ትምህርት ዩኒቨርሲቲ በኩል የባዮሎጂና የኬሚስትሪ ፈተና ይወስዳል። ፈተናው በስፓኒሽ ከሆነ ደግሞ፣ ኬሚስትሪን በእንግሊዝኛ አበጥሮ የሚያውቅ ልጅ ጥያቄው ካልገባው እውቀቱ አይታይለትም።

ለቋንቋ ማስረጃ ሁለት ፈተናዎች ይታወቃሉ። ዴሌ ጊዜ አያልፍበትም፤ በኮምፒውተር የሚሰጠው ሲዬሌ ግን የሚያገለግለው 5 ዓመት ነው። ቢ2 የሚባለውን ደረጃ ዝቅተኛው አድርጋችሁ ያዙት። ባርሴሎናን የምታስቡ ደግሞ በካታላን ቋንቋ የሚሰጥ ትምህርት እንዳለ አትርሱ።

የኩባው መንገድ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ሃቫና የተከፈተው የላቲን አሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤት ስፓኒሽ የማይችሉትን መጀመሪያ ቋንቋ ያስተምራል፤ ሕክምናው ከዚያ በኋላ ይመጣል። ለእኛ አገር ኩባ እንግዳ አይደለችም፤ በደርግ ዘመን ወደዚያ ተልከው በስፓኒሽ ከተማሩት ኢትዮጵያውያን ልጆች መካከል ሐኪም የሆኑ አሉ። በበኩሌ ትክክለኛው ቅደም ተከተል ይህ ይመስለኛል። ወደ ስፔን የሚሄድ ልጅም ያንን የቋንቋ ጊዜ በራሱ ወጪም ቢሆን ቢመድብ ይሻለዋል።

ምክንያቱም ጉዳዩ ፈተና በማለፍ አያበቃም፤ በሽተኛው የሚናገረው በራሱ ቋንቋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ፍሎሪዳ ውስጥ አንድ የ18 ዓመት ወጣት ራሱን ስቶ ሆስፒታል ገባ። ቤተሰቡ «ኢንቶክሲካዶ» የሚል ቃል ተጠቀሙ፤ የበላው ነገር መርዞታል ማለታቸው ነበር። ሐኪሞቹ ግን በእንግሊዝኛው ስሜት መድኃኒት አብዝቶ የወሰደ አድርገው ተረዱት። አንጎሉ ውስጥ ይደማ የነበረው ሳይታወቅ ቀኑ አለፈ፤ ወጣቱ እጅና እግሩ ሽባ ሆኖ ቀረ። እንግሊዝኛ የለመደ ሰው እንዲህ ባሉ ቃላት ይሳሳታል። «ኤምባራሳዳ» ያፈረች ሴት ሳይሆን እርጉዝ ናት። ስፔን ውስጥ «ኮንስቲፓዶ» ነኝ የሚል በሽተኛም ጉንፋን ይዞታል እንጂ ሆዱ አልደረቀም።

ዐረብኛ የቀራችሁ ደግሞ ትንሽ ስንቅ አላችሁ፤ አንደሉስ በስፓኒሽ ውስጥ አሻራዋን ትታለች። የሳል ሽሮፕ «ሃራቤ» ይባላል፤ ከ«ሸራብ» የመጣ ነው። ማይግሬን «ሃኬካ» ነው፤ ከ«ሸቂቃ»። ማጅራት «ኑካ» የተባለውም ከ«ኑኻዕ» ነው። በእርግጥ በዚህ ብቻ ፈተና አይታለፍም፤ ቃላቱን ለማስታወስ ግን ያግዛል።

ሰነዶቻችሁን በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማስመስከርና ወደ ስፓኒሽ ማስተርጎም፣ አቻ ግምቱንም መጠበቅ ወራት ይወስዳል። የቋንቋ ትምህርቱን በእነዚያ ወራት ጎን ለጎን ጀምሩት። ተመርቃችሁ አገር ቤት ለመሥራት ካሰባችሁ ዲግሪው እዚህም አቻ ግምት ይጠየቅበታልና፣ ትምህርት ቤቱ በአገሩ መንግሥት ዕውቅና ያለው መሆኑን ከመክፈላችሁ በፊት አጣሩ።