በአቶም ኃይል ማመንጫዎች የየዕለት ሥራ ላይ የሚደረግ ቁጥጥር

ማንኛውም ነጋዴ እንደሚያውቀው፥ የንግድ ፈቃድ ማውጣትና ንግዱን በየቀኑ በደንቡ መሠረት ማካሄድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፈቃዱ አንድ ቀን ተፈርሞ ከግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ሚዛኑ ያልተዛባ፥ መዝገቡም እውነተኛ መሆኑ የሚታወቀው ግን በየዕለቱ ሥራ ነው። ይህ ነገር በሱቅና በመጋዘን እንደሚሠራ ሁሉ፥ ስሕተት ከባድ ጥፋት በሚያስከትልበት በአቶም ኃይል ማመንጫም ይሠራል።

ጉዳዩ ከነጋዴው ማኅበር የራቀ መስሎ ይታይ ይሆናል። ዳሩ ግን ኢትዮጵያ በሴፕቴምበር 2025 ሞስኮ ላይ ከሩሲያ ጋር የኑክሌር ኤሌክትሪክ ማመንጫ ስለ ማቋቋም የሥራ መርሐ ግብር የተፈራረመች ስለሆነ፥ የዚህ ዓይነቱ ማመንጫ በየቀኑ በማንና እንዴት እንደሚጠበቅ ማወቅ ለኤሌክትሪክ ተጠቃሚው ሁሉ ይበጃል። ስለዚህ በዚህ ሥራ ረዥም ዘመን ካሳለፉት አገሮች መካከል የአሜሪካን ሥርዓት መርጠን በአጭሩ እናቀርባለን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት

በ1954 የወጣው የአቶም ኃይል ሕግ የግል ኩባንያዎች ፈቃድ እያወጡ ማመንጫ እንዲያቋቁሙ በር ከፈተ። ሥራውን እንዲያስፋፋም እንዲቆጣጠርም የታዘዘው አንድ መሥሪያ ቤት፥ ይኸውም የአቶም ኃይል ኮሚሽን ነበር። ገበያ የሚያፈላልገው ደላላ ራሱ ሚዛን ያዥ ቢሆን ገዢው እንደማያምነው ሁሉ፥ ይህም አሠራር ብዙ ወቀሳ አስከተለ። በመሆኑም በ1974 በወጣ ሕግ ኮሚሽኑ ተከፍሎ የቁጥጥሩ ሥራ ለአዲሱ የኑክሌር ቁጥጥር ኮሚሽን ተሰጠ፤ ይህም መሥሪያ ቤት በጃንዋሪ 1975 ሥራውን ጀመረ። የበላይ መሪዎቹ በፕሬዚዳንቱ ተመርጠው በሴኔቱ የሚጸድቁ አምስት ኮሚሽነሮች ናቸው።

ፈቃዱ ምን ያስገድዳል?

ለማመንጫው የሚሰጠው ፈቃድ ከአንድ ወረቀት የበለጠ ነው። ከእርሱ ጋር የተያያዘ፥ የሕግ ኃይል ያለው ዝርዝር የአሠራር ደንብ አለ። ደንቡ ሪአክተሩ በሚሠራበት ጊዜ የትኛው ፓምፕ፥ የትኛው ቫልቭ፥ የትኛው መለኪያ ለሥራ ዝግጁ ሆኖ መገኘት እንዳለበት፥ አንዱ ቢበላሽም በስንት ሰዓት ውስጥ መጠገን እንደሚገባው ይወስናል። ለምሳሌ ከውጭ የሚመጣው ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ የሚያገለግሉት በናፍታ የሚሠሩ የመጠባበቂያ ጀኔሬተሮች አሉ። በብዙ ማመንጫዎች ደንብ መሠረት ከእነዚህ አንዱ ቢበላሽ፥ ድርጅቱ የተለመደው የ72 ሰዓት ጊዜ ይሰጠዋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ካልጠገነው፥ ምንም እንኳ ኤሌክትሪኩ በጥሩ ዋጋ የሚሸጥበት ወቅት ቢሆን፥ ሪአክተሩን ማቆም ግዴታው ነው።

ሪአክተሩን የሚነዱት ሰዎችም በግላቸው ከኮሚሽኑ ፈቃድ ያወጣሉ። ፈቃዱ የሚያገለግለው ለስድስት ዓመት ሲሆን፥ በመካከሉ በየጊዜው ይፈተናሉ፤ በሐኪምም ይመረመራሉ። ከባድ አደጋ የደረሰ እንደሆነ ድርጅቱ ለኮሚሽኑ ማስታወቅ ያለበት ቢበዛ በአንድ ሰዓት ውስጥ ነው፤ ቀለል ላሉት ሁኔታዎች አራት ወይም ስምንት ሰዓት ይሰጠዋል።

ከጉብኝት ወደ ቋሚ ቁጥጥር

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተቆጣጣሪዎቹ ከየክፍለ ሀገሩ ጽሕፈት ቤት እየተነሡ ማመንጫዎቹን አልፎ አልፎ ይጎበኙ ነበር። በማመንጫው ዘንድ ቋሚ ተቆጣጣሪ የመመደብ ሐሳብ በ1970ዎቹ አጋማሽ ቢጀመርም፥ በሁሉም ስፍራ እንዲዳረስ ያስገደደው መጋቢት 28 ቀን 1979 በፔንሲልቫኒያ በስሪ ማይል አይላንድ ማመንጫ የደረሰው አደጋ ነው።

በዚያ ዕለት ንጋት ላይ ግፊት ለማስተንፈስ የተከፈተ ቫልቭ ተመልሶ ሳይዘጋ ቀረ። በመቆጣጠሪያው ክፍል ያለው መብራት ያመለከተው ግን ቫልቩ መዘጋቱን ሳይሆን፥ እንዲዘጋ ትእዛዝ መተላለፉን ብቻ ነበር። ሠራተኞቹም በዚህ ተታልለው ለአደጋ ጊዜ የሚገባውን የማቀዝቀዣ ውሃ ቀነሱት። ከሪአክተሩ እምብርት ግማሽ ያህሉ ቀለጠ። ለጥፋቱ ዋና ምክንያት ባይሆንም፥ በደንቡ መሠረት ክፍት መሆን የነበረባቸው ሁለት የመጠባበቂያ ውሃ ቫልቮች ተዘግተው መገኘታቸው የታወቀው ችግሩ ከተነሣ ስምንት ደቂቃ ካለፈ በኋላ ነው። ከዚህም በላይ በ1977 በኦሃዮ በሚገኘው በዴቪስ ቤሲ ማመንጫ የዚሁ ዓይነት ቫልቭ በተመሳሳይ ሁኔታ ሳይዘጋ ቀርቶ ነበር፤ ከዚያ የተገኘው ትምህርት ግን ለስሪ ማይል አይላንድ ሠራተኞች አልደረሳቸውም።

ቋሚው ተቆጣጣሪ

ከዚህ በኋላ በተዘረጋው ሥርዓት በየማመንጫው ብዙውን ጊዜ ሁለት ተቆጣጣሪዎች በቋሚነት ይመደባሉ። ድርጅቱ ያለ ኪራይ ቢሮ ይሰጣቸዋል፤ መብራቱና ጽዳቱም በድርጅቱ ወጪ ነው። ያለ ምንም እገዳ ወደ ማንኛውም ክፍል የመግባት መብት አላቸው። ተቆጣጣሪው ራሱ ካልጠየቀ በቀር፥ የድርጅቱ ሠራተኞች «ተቆጣጣሪ መጣ» ብለው እርስ በርሳቸው መነጋገር በደንብ የተከለከለ ነው። ወዳጅነት ፍርድን እንዳያዛባም አንድ ተቆጣጣሪ በአንድ ማመንጫ ከሰባት ዓመት በላይ እንዳይቆይ፥ የኑክሌር ኩባንያዎችንም አክሲዮን እንዳይዝ ተደርጓል።

ተቆጣጣሪው ጠዋት ወደ መቆጣጠሪያው ክፍል ገብቶ የተረኞቹን መዝገብ ያነባል፤ በዚያ ቀን ከሥራ ውጭ የሆነው መሣሪያ የትኛው እንደሆነ ይጠይቃል፤ ከዚያም በማመንጫው እየተዘዋወረ በመዝገብ የተጻፈውን በዓይኑ ከሚያየው ጋር ያመዛዝናል። ሁሉን ማየት ስለማይችል የሚመረምረው ናሙና እየመረጠ ነው። ቸልተኝነት ሲገኝ ቅጣቱ ከባድ ነው። በፔንሲልቫኒያ በፒች ቦተም ማመንጫ ተረኞች በሥራ ሰዓት ይተኙ እንደነበር በታወቀ ጊዜ፥ ኮሚሽኑ መጋቢት 31 ቀን 1987 ማመንጫው እንዲዘጋ አዘዘ።

በ2000 ደግሞ የምርመራው ውጤት በቀለም የሚመደብበት ሥርዓት ተጀመረ። አረንጓዴ አነስተኛ ጉድለትን ያመለክታል፤ ነጭ፥ ቢጫና ቀይ በቅደም ተከተል የከበደውን ያሳያሉ። ቀለሙ በከበደ መጠን ቁጥጥሩም ይጠብቃል።

ቁጥጥሩ የሳተበት ጊዜ

ይህ ሁሉ ሥርዓት ተዘርግቶም ስሕተት አልቀረም። በ2001 መጨረሻ ኮሚሽኑ በዴቪስ ቤሲ የሪአክተሩን ክዳን የሚበሱት ቱቦዎች ተሰንጥቀው ይሆናል ብሎ ስለ ሠጋ፥ ማመንጫው እስከ ታኅሣሥ 31 ቆሞ እንዲመረመር ፈልጎ ነበር። ኩባንያው ግን ቀኑ እንዲራዘምለት አመልክቶ እስከ የካቲት 16 ቀን 2002 ተፈቀደለት። በመጋቢት ወር ክዳኑ ሲታይ፥ ከስንጥቁ የፈሰሰው አሲድ 17 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለውን ብረት በልቶት ተገኘ። ውሃውን ከነግፊቱ ይዞት የነበረው ከ1 ሴንቲ ሜትር የሳሳ የውስጥ ልባስ ብቻ ነበር። የኮሚሽኑ ዋና መርማሪ ባቀረበው ሪፖርት፥ ቀኑን ለማራዘም በአብዛኛው ምክንያት የሆነው በኩባንያው ላይ የሚደርሰውን የገንዘብ ጉዳት የማቅለል ፍላጎት መሆኑን ገለጠ።

ምልክቱ ግን ቀደም ብሎ ታይቶ ነበር። በወር አንድ ጊዜ ይለወጥ የነበረው የአየር መመርመሪያ ማጣሪያ በዝገት እየተዘጋ በየጥቂት ቀኑ ይለወጥ ጀምሮ ነበር። ማጣሪያው ይለወጥ እንጂ የዝገቱ ምንጭ ተፈልጎ አልተገኘም። ጥቂት ሳምንታት ለማትረፍ የታሰበበት ማመንጫም ሁለት ዓመት ያህል ተዘግቶ ቆየ፤ ኩባንያው በ2005 የ5.45 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ተጣለበት፤ በ2006 ደግሞ ከፍትሕ ሚኒስቴር ጋር ባደረገው ስምምነት ሌላ 28 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተገደደ።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፥ ቁጥጥር ዋጋ የሚኖረው ተቆጣጣሪው ከገቢው ሒሳብ ርቆ ሲቆምና «ዛሬ ይዘጋ» የማለት ሥልጣኑ ሳይሸረሸር ሲቀር መሆኑን ነው። ሆኖም ተቆጣጣሪው ናሙና ብቻ ስለሚያይ፥ የመጀመሪያው ኃላፊነት ምንጊዜም የባለ ፈቃዱ ነው። አንድ አገር የአቶም ኃይል ማመንጫ ለማቋቋም ስታስብ ስለ ግንባታው ዋጋና ስለ ብድሩ እንደምትመክር ሁሉ፥ ሥራው ከተጀመረ በኋላ መዝገቡን በየጠዋቱ የሚያነበውን ሰው ማን እንደሚያሠለጥነው፥ ደመወዙን ማን እንደሚከፍለው፥ ቃሉንም ማን እንደሚሰማው አስቀድማ መወሰን ይገባታል።